ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? በአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ለመሆን የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል

«እህቴ፣ ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?»

ይህን የጠየቀችኝ ባንክ ውስጥ ካሸር ሆና የምትሠራ የ29 ዓመት ሴት ናት። የአራት ዓመት ልጅ አላት። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ትኖራለች። በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አሳየችኝ። ዓይን አላት፤ ይህን ለማለት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ስለ ሥራው ግን ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ሻይ እንጠጣ ብዬ ቀጠርኳት።

እኔም ከሒሳብ ሠራተኛነት ወደ ካሜራ የመጣሁት በ31 ዓመቴ ነው። ያኔ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ለእሷ ያልኳትን እዚህም ልጻፈው። የማወራው ስለማውቀው ነው፤ ስለ አዲስ አበባና ስለ ፎቶ። ቪዲዮ ወይም ሜካፕ የምታስቡም ብዙውን ነገር ታገኙበታላችሁ፤ ገበያው አንድ ነውና።

ከሁሉ በፊት የዓመቱን ወራት ቁጠሩ

በዚህ ከተማ የፎቶ ገንዘብ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም። የሚመጣው ሰርግን ተከትሎ ነው፤ ሰርግ ደግሞ ጾምን ይከተላል።

ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ጥር ሲገባ ከተማው ይከፈታል፤ ቅዳሜና እሁድ አልበቃ ብሎ በሥራ ቀንም ሰርግ ይደገሳል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ሙሽራ ነው። ሰኔና ሐምሌ ምርቃት አለ። ነሐሴ ደግሞ ዝናቡም ፍልሰታውም አንድ ላይ ይመጣሉ።

የሙስሊም ሰርግ ይህን ክፍተት ይሞላል ብዬ አስቤ ነበር። ግን በረመዳን ሰርግ አይደገስም፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይገባል። በ2016ም፣ በ2017ም፣ በ2018ም ዓ.ም. ከዐቢይ ጾም ጋር ተደራረበ። በእነዚህ ዓመታት የጀመረ ሰው አንድ ወር ያህል የፕሮቴስታንት ሰርግ ብቻ ሲጠብቅ ከረመ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተሰጥኦ አለኝ ወይ» አይደለም። ያለ ምንም ገቢ የስንት ወር ኪራይ መክፈል እችላለሁ? ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ የልጅ ትምህርት ቤት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ። ኪራዩን በእርግጠኝነት ሳታውቁ የሌላውን ሁሉ ሒሳብ መሥራት አይቻልም።

የእኔ መስፈርት ቀላል ነው። መጠባበቂያችሁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ሥራ አትልቀቁ። ስድስት ወር ማለት አንድ ረጅም ጾምና አንድ ክረምት ማለፍ የሚያስችል ነው።

ሥራ ይዞ በዕረፍት ቀን መሥራት

ልጅ ላለው፣ ቤተሰብ ለሚረዳ፣ ኪራይ ለሚከፍል ሰው ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ሰርግ በብዛት የሚውለው በዕረፍት ቀን ነው። ደመወዛችሁ ቤቱን ይይዛል፤ ከካሜራ የምታገኙት ለዕቃ መግዣ ይጠራቀማል። ተርባችሁ ስላልሆነ የማይረባ ዋጋ ሲሰጧችሁ እንቢ ማለት ትችላላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክፋቱ ድካሙ ነው። እሁድ 12 ሰዓት ቆማችሁ ትውላላችሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ናችሁ። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሺህ ፎቶ መምረጥና ማስተካከል አለ። ባንክ ውስጥ ከሆናችሁ ቅዳሜም ትሠራላችሁ፤ የቀራችሁ እሁድ ብቻ ነው። የድርጅት ሥራ በአዘቦት ቀን ስለሚሆን ያመልጣችኋል።

አንድ ዘዴ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ያንን ፈቃድ ነሐሴ ላይ ተኝታችሁ አትጨርሱት። ጥር ላይ ውሰዱት። ሁለት ዓመት እንደዚያ አድርጌያለሁ፤ አለቃዬ በየዓመቱ ለጥምቀት ጎንደር የምሄድ ይመስለው ነበር።

ረዳት ሆኖ መጀመር

ስለዚህ መንገድ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ እኔን የሠራኝ እሱ ነውና።

በአዲስ አበባ ፎቶ ከጥንትም ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ሙያ ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሙያውን ልጆቹ ሀይጋዝና ቶኒ ወረሱት። ብዙዎቹ የፒያሳ ፎቶ ቤቶችም የተባዙት እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሌላውን እያስተማረ።

እኔ የሠራሁት ጋሼ እያልኩ ከምጠራቸው ሰው ጋር ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሰርጎች ካሜራ አልነካሁም። ላይት ያዝኩ። ባትሪ ቻርጅ አደረግኩ። የሙሽራዋን ቬሎ ጫፍ ከጭቃ አነሳሁ። ያኔ ጊዜዬን የማባክን መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው የሰርግን ቀን በቃሌ ያወቅኩት በዚያ ጊዜ ነው። ሙሽራው ሲመጣ በሩ ላይ ግብግብ ይሆናል፤ ሚዜዎቹ ከመግባታቸው በፊት ቤት ውስጥ ቀድማችሁ ካልቆማችሁ የሙሽራዋን ፊት በዚያች ቅጽበት አታገኙትም። ሽማግሌ ሲመርቅ መሀል አይገባም። ዳቦ ሲቆረስ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፤ ቦታችሁን ቀድማችሁ ያዙ። ይህ በዩቲዩብ አይገኝም።

ብርሃንን የተማርኩትም እዚያው ነው። ሙሽራዋ የምትዘጋጅበት ክፍል ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። መጋረጃው ወፍራም፣ አምፖሉ ቢጫ። ጋሼ መጀመሪያ የሚያደርጉት አምፖሉን ማጥፋት፣ መጋረጃውን መግለጥና ሙሽራዋን ወደ መስኮቱ ማዞር ነበር። በቃ። ሌላው ደግሞ የሀበሻ ቀሚስ ነው። ነጭ ሲበዛ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል፤ የሙሽራዋ ፊት ጥላ ይሆናል። ብርሃኑን በእጃችሁ ከፍ ማድረግ አለባችሁ። ጠቆር ያለ ቆዳና ነጭ ልብስ አብረው በሚታዩበት አገር የመጀመሪያው ትምህርት ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስሕተትም የሚሠራው እዚህ ቢሆን ይሻላል። በሰባተኛው ሰርግ የሞላ ሜሞሪ ካርድ ከባዶዎቹ ጋር ቀላቀልኩ። ካርዱ ተደመሰሰ። የሙሽራው ቤት ፎቶ በሙሉ ጠፋ። ጋሼ ከሁለተኛው ካሜራ ያለውን ሰብስበው አዳኑኝ፤ አልበሙ ግን ጎደሎ ሆኖ ቀረ። እናቱ ልጃቸውን ሲመርቁ የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለም። እስከ ዛሬ የሞላ ካርድ ወደ ግራ ኪሴ ነው የሚገባው፣ ባዶው በቀኝ። ብቻዬን ሆኜ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ጉዳቱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ክፍያው የታክሲና የምሳ ያህል ነው። ሁለት ዓመት ቦርሳ አሸክሞ ምንም የማያስተምርም አለ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ከስንት ሰርግ በኋላ ሁለተኛ ካሜራ ይሰጠኛል? ያነሳሁትን ፎቶ የራሴ ሥራ ብዬ ማሳየት እችላለሁ? ክፍያዬ መቼ ይደርሰኛል? ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ጋር አትሂዱ። እኔ ከጋሼ በፊት ከአንድ ሌላ ሰው ጋር አራት ጊዜ ወጥቼ አንድም ጊዜ አልተከፈለኝም፤ ስላልጠየቅኩ ነው።

ሴቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ። ሰርግ በሌሊት ያልቃል። የራይድ ወጪ በማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይነገር።

ትምህርት ቤት መግባት

ሁለት ዓይነት ነው፤ እየተደባለቀ ግን ይጠየቃል።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ግራፊክስ ይማሩበታል። ፎቶ አንሺ ለመሆን ብቻ ብላችሁ ዓመታት እንድትሰጡ አልመክርም። ግን የሚሰጠው ነገር ትንሽ አይደለም። ሚካኤል ጸጋዬን ተመልከቱ። እዚያ ሥዕል ተምሮ ተመረቀ፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ሥዕሉን ትቶ ካሜራ አነሳ። ዛሬ ፎቶዎቹ በውጭ አገር ኤግዚቢሽኖች ይታያሉ። ስለ ቅርጽና ስለ ብርሃን የተማረው ከብሩሹ ጋር አብሮ አልቀረም። ወጣት ከሆናችሁ፣ ከቤተሰብ ጋር የምትኖሩ ከሆነ፣ የምትፈልጉትም የጥበብ ፎቶ ከሆነ ይህ በር ለእናንተ ነው።

ሁለተኛው የሁለትና የሦስት ወር ኮርስ ነው። ካሜራን ከአውቶማቲክ አውጥቶ በእጅ መጠቀም ያስተምራል። ለዚህ ይጠቅማል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ካሜራ ለስንት ተማሪ እንደሆነ፣ ውጭ ወጥታችሁ እንደምትሠሩ፣ አስተማሪው አሁንም በሙያው እየሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ሰርተፍኬቱን እርሱት። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ደንበኛ ሰርተፍኬት አሳዪኝ ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም የሚለው «ሥራሽን ላኪልኝ» ነው።

ተቀጥሮ ማንሳት

ማስታወቂያ ድርጅት፣ ሚዲያ፣ ሪል እስቴት፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት ፎቶ አንሺ ይቀጥራሉ። ደመወዝ አለ። ካሜራው የእነሱ ነው። በየቀኑ ስለምታነሱ እጅ በፍጥነት ይፈታል። አይዳ ሙሉነህ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ ጋዜጠኛ ሆና ሠርታለች። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀመረች። ዛሬ በዓለም የምትታወቀው በራሷ የጥበብ ፎቶ ነው። ቅጥር ለፈጠራ ሞት ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 መሠረት ተቀጥራችሁ ያነሳችሁት ፎቶ የኢኮኖሚ መብቱ የቀጣሪው ነው፤ በውል ሌላ ካልተስማማችሁ በስተቀር። ሦስት ዓመት ሠርታችሁ ስትወጡ የምታሳዩት ፎቶ ላይኖራችሁ ይችላል። ስትፈርሙ አንድ መስመር ብቻ አስጨምሩ፦ ፎቶዎቹን ሥራዬን ለማስተዋወቅ መጠቀም እችላለሁ። በመግቢያው ቀን ስትጠይቁ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። በመውጫው ቀን ግን ይከብዳል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ክፍት ቦታው ማነሱ ነው። ልምድም ይጠይቃሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይህ በር የሚከፈተው ከረዳትነት በኋላ ነው።

ሥራ ለቅቆ ካሜራ መግዛት

በብዛት የሚጠይቁኝ ስለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ይህንን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካሜራ፣ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ላፕቶፕ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። የሰርግ ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ከዚያ በፊት በጥቂት ሰርግ ወጪውን የሚመልስ ዕቃ ዛሬ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የስንብት ገንዘቡን ሁሉ ካሜራ ላይ ያዋለ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ካሜራውን መልሶ ሲሸጥ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል፤ ሰውየው ጎበዝ ነበር።

ተከራዩ። በከተማው የካሜራ ኪራይ አለ፤ መታወቂያና ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃሉ። አሥር ሥራ በኪራይ ሥሩ። በአሥረኛው የትኛው ሌንስ እጃችሁ ላይ እንደሚውል ታውቃላችሁ። እኔ መጀመሪያ ልገዛ ያሰብኩት ትልቅ ዙም ነበር። ተከራይቼ ስሠራ ግን ጠባብ ቤት ውስጥ ወደ ኋላ የምሸሽበት ቦታ አጣሁ። የገዛሁት ትንሽ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፤ እስካሁን ከእጄ አልወጣም።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ሹተር ካውንቱን እዩ፤ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ይነግራችኋል። ነጭ ግድግዳ አንሱና ነጠብጣብ ካለ ተመልከቱ። ገንዘባችሁን ሁሉ ለካሜራው ብቻ አትስጡ። ሁለት ጥሩ ካርድ፣ አንድ ትርፍ ባትሪና ሁለት ሃርድ ዲስክ የሌለው ፎቶ አንሺ የሰው ሰርግ መቀበል የለበትም። ይህን የምለው ካርድ ያጠፋሁ ሰው ሆኜ ነው።

ለቅቃችሁ ለመጀመር ከወሰናችሁ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ይኑራችሁ። ድርጅት ያለ ደረሰኝ አይከፍልም። ለሰርግ ደግሞ ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። በቴሌብርም በባንክም ይሁን፣ ቀብድ የሌለው ቀጠሮ ጥር ላይ ሌላ ደንበኛ ያስቀራል።

ሰርግ የማይሆንላችሁ ከሆነ

ሁሉም ሰው ጭብጨባና ጩኸት ውስጥ ውሎ ማደር አይወድም። ለእነዚህ ሰዎች የዕቃ ፎቶ አለ። የሽሮ ሜዳ ቀሚስ፣ የመርካቶ ጫማ፣ የቤት ዕቃ፣ ኬክ፣ ዛሬ ሁሉም በቴሌግራም ይሸጣል፤ አብዛኛው ፎቶው ግን ደብዛዛ ነው። መስኮት፣ ነጭ ጨርቅና ስልክ ካለ መጀመር ይቻላል። በማታ አይሆንም፤ የመስኮት ብርሃን ይፈልጋል።

ይህን ሥራ በተለይ የምወደው በወራቱ ምክንያት ነው። ሻጮች ፎቶ የሚፈልጉት ከበዓል በፊት ነው። ከገና በፊት፣ ከፋሲካ በፊት፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት። ያ ማለት ልክ ሰርግ በሚጠፋበት በጾሙና በክረምቱ ጊዜ ነው። ሰርግና ዕቃ አብሮ የያዘ ሰው ዓመቱ አይጎድልበትም። እኔ ይህን ለማወቅ ሦስት ዐቢይ ጾም ፈጀብኝ።

ካሸሯ የመረጠችው

ተቀምጠን አሰላን። የሦስት ወር ኪራይ አላት። ስለዚህ መልቀቅ የሚለውን አብረን ሰረዝነው። ኮርሱንም ተወችው፤ በዚያ ገንዘብ የልጇን ትምህርት ቤት መክፈል ይሻላል አለች፤ ልክ ናት። እሁድ እሁድ ልጇን እናቷ ጋ አድርጋ ከጋሼ ጋር በረዳትነት መውጣት ጀመረች። ዓመታዊ ፈቃዷን ወደ ጥር አዛወረች። አክስቷ ሽሮ ሜዳ ሱቅ አላቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከባንክ ስትወጣ የእሳቸውን ቀሚሶች በስልኳ ታነሳለች።

እስካሁን ስድስት ሰርግ ወጥታለች። ካሜራ አልገዛችም። በስድስተኛው ጋሼ ሁለተኛውን ካሜራ አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ሁሉም ሙሽሮቹን ሲከብ እሷ ወደ ጥግ ዞረች፤ የሙሽራዋ አያት ብቻቸውን ተቀምጠው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር። አምፖሉን አጠፋች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ አነሳች። ሙሽራዋ አልበሙን ስትመርጥ ያንን ፎቶ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጉልኝ አለች።